የወረዳውን ሰው ማን መረጠው?

ምርጫ የሚባል ነገር ሲነሳ የእኛ አገር ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ ወደ አራት ኪሎ ማየት ይወዳል። ማን ጠቅላይ ሚኒስትር ይሆናል? የትኛው ፓርቲ ስንት ወንበር ያገኛል? የውጭ ታዛቢዎች ይመጣሉ ወይስ ይቀራሉ? በዚህ በኩል ማን ብሎን! ሳሪስ አደይ አበባ አካባቢ ካሉት ሻይ ቤቶች አንዱ ገብታችሁ ጆሯችሁን ጣል ብታደርጉ፣ ከ1966 ጀምሮ ያለውን የአገሪቱን ፖለቲካ በአንድ ማኪያቶ አጠቃሎ የሚያስረክባችሁ ሰው አታጡም። ይህንኑ ሰው ግን አንድ ነገር ጠይቁት፤ «ጋሼ፣ የእርስዎን ወረዳ የሚያስተዳድረው ሰው ማን ይባላል? መቼስ ነው የመረጡት?» ማኪያቶው እዚያው ይቀዘቅዛል።

ስሙን ባያውቅ አልፈርድበትም። ያ ሰው ትናንት ተዛውሮ በቦታው ሌላ ተተክቶ ሊሆን ይችላል። «መቼ መረጡት?» ለሚለው ግን መልሱ አጭር ነው፤ አልመረጠውም። በሳሪስም ሆነ በሌላ የአገሪቱ ወረዳ «እኔ መርጫለሁ» የሚል ሰው ከተገኘ፣ ሚያዝያ 2005 ዓ.ም. የሰጠውን ድምፅ እያስታወሰ ነው። የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶች የሚመረጡበት የአካባቢ ምርጫ በአገር ደረጃ የተካሄደው ያን ጊዜ ነበር። የሥራ ዘመኑ አምስት ዓመት ነውና በ2010 እንደገና መመረጥ ነበረበት። ተራዘመ። በ2011 ይሆናል ተባለ፤ እሱም ተራዘመ። በ2012 ኮሮና መጣና ሁሉም ምርጫ ተላለፈ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ለፓርላማና ለክልል ምክር ቤቶች፣ እዚህ አዲስ አበባ ደግሞ ለፓርላማና ለከተማው ምክር ቤት ድምፅ ስንሰጥ፣ የወረዳው ሣጥን የለም። በ2005 አንደኛ ክፍል የነበረ የሳሪስ ልጅ በ2016 አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሲጨርስ፣ ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ የወረዳ ተመራጭ ሲመርጥ አንድ ቀን እንኳ አላየም። በሥነ ዜጋ መጽሐፉ ውስጥ ግን አንብቦታል፤ ፈተናም ተፈትኖበታል።

እንግዲህ ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና እኔም ከሥሩ ልጀምር። ስለ ዴሞክራሲ የምናደርገው ክርክር ሁሉ ላም አለኝ በሰማይ የሆነው፣ ወተቷ የሚታለብበትን ቦታ ስለተውነው ነው። ወረዳውን መምረጥ ያልቻለ ሕዝብ በየአምስት ዓመቱ ፓርላማ ቢመርጥ፣ የሚመርጠው ባብዛኛው ምልክት ነው። ንብ ይመርጣል፣ ጣት ይመርጣል። የመረጠው ሰው ቢያጠፋ የት ሄዶ እንደሚጠይቀው አያውቅም። ለዚህ ተጠያቂው አንድ ወገን ብቻ አይደለም። ምርጫውን ያራዘመው መንግሥት አለ፤ ሲራዘም ትንፍሽ ያላሉ ፓርቲዎች አሉ፤ ደግሞም ስለ ሕገ መንግሥት ሲያወራ ስለ ወረዳ ማውራት ደረጃውን ዝቅ የሚያደርግበት የሚመስለው የተማረ ሰው አለ። የመጀመሪያው ጥፋት ከሁሉ ይከብዳል፤ የኋለኞቹ ሁለቱ ግን ለመጀመሪያው ትራስ ሆነውለታል።

«ወረዳ ምን ያህል ነገር ነው?» የሚል አይጠፋም። እስቲ እንቁጠር። ልጅ ሲወለድ የልደት ምስክር ወረቀቱ ከወረዳ ነው። ሲያድግ የነዋሪነት መታወቂያው ከወረዳ ነው። ሊያገባ ሲል «ያላገባ» የሚለው ማስረጃ ከወረዳ ነው። ትንሽ ሱቅ ልክፈት ሲል ወረዳ፤ ሱቁ በር ላይ የሸራ ጥላ ሲዘረጋ የሚያፈርስበት ደንብ አስከባሪ ወረዳ። የቀበሌ ቤት ጣራው ሲያፈስ ለማደስ ፈቃድ፣ ችግረኛ ለመሆኑ ማስረጃ፣ የሰፈሩ ቱቦ ሲደፈን አቤቱታ፣ ሁሉም ወረዳ። በመጨረሻም ሲሞት የሞቱ ምስክር ወረቀት ከዚያው መሥሪያ ቤት ነው። መንግሥት የሚባለው ነገር ለአብዛኛው የሳሪስ ነዋሪ መልኩ ይኼ ነው፤ በመስኮት በኩል ይታያል፣ ማኅተም አለው፣ ከምሳ በኋላ ይዘጋል።

በዚያ መስኮት ፊት በየቀኑ የሚደረገውን ንግግር ሁላችንም እናውቀዋለን። አንዲት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ጎንበስ ይላሉ፤

«የኔ ልጅ፣ ያ ደብዳቤ ደረሰልኝ?»

«እማማ፣ ኃላፊው ስብሰባ ገብተዋል።»

«መቼ ይወጣሉ?»

«እሱ አይታወቅም። ሐሙስ ይመለሱ።»

«ያለፈው ሐሙስም እንደዚሁ ብለኸኝ ነበርኮ።»

«እኔ ምን ላድርግ እማማ? ከላይ ነው።»

ልጁ ክፉ ልጅ አይደለም፤ እማማ ብሎ ነው የሚጠራቸው። እውነቱንም ነው የነገራቸው። ከላይ ነው! ኃላፊው የተሾመው ከላይ ነው፤ ስብሰባው የተጠራው ከላይ ነው፤ የሚገመገመው ከላይ ነው፤ የሚነሳውም ከላይ ነው። እኚህ እናት በሰውየው ወንበር ላይ የሚያዝዙበት አንድ ነገር የለም። ሰው ደግሞ የሚፈራው የሾመውን ነው። ታዲያ ለክፍለ ከተማው ሪፖርት ሌሊቱን ሲጽፍ ያድራል እንጂ ለእኚህ እናት ደብዳቤ ብሎ ምሳውን አይተውም። እርሱም አይፈረድበትም፤ ያለበት ሥርዓት ያስተማረው ይህንኑ ነው።

የአገራችን ታሪክ ለዚህ ነገር አዲስ አይደለም። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ፓርላማ ሲያቋቁም፣ የሕግ መምሪያ አባላትን መኳንንቱና የየአካባቢው ሹማምንት እንዲመርጡ አደረገ፤ ምክንያቱም ሕዝቡ ራሱ መምረጥ እስኪችል ድረስ ነው የሚል ነበር። በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሕዝቡ የሕግ መምሪያውን አባላት በቀጥታ እንዲመርጥ ፈቀደ፤ ፓርቲ ግን አልነበረም። አውራጃ ገዢው፣ ወረዳ ገዢው ግን እንደ ድሮው ከላይ ይሾማል። ልብ በሉ፤ ሩቅ ያለውን መምረጥ ተፈቀደ፣ ቅርብ ያለው ግን አልተነካም። የ1923ቱ «እስኪችል ድረስ» የተሻረ ይመስለናል። አልተሻረም፤ ወደ ታች ወርዶ ወረዳ ውስጥ ተቀምጧል።

ብዙ ዘመን ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው በዚህ ጉዳይ አንድ ነገር ማለት ይችላል። በ1958 የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበ ሁሉ እንደሚያስታውሰው፣ ገበሬዎቹ የተነሱት በፊታውራሪ መሸሻ ላይ ነው። ዙፋኑ ሩቅ ነው፤ ግብሩን የሚጨምረው፣ የሚያስረው፣ የሚያሳድደው ግን ጎረቤት ያለው ጌታ ነው። ግፍ ብዙ ጊዜ አድራሻው ቅርብ ነው። ደራሲው ይህን ያወቀውን ያህል የእኛ ፖለቲከኞች ቢያውቁት ኖሮ የፓርቲ ፕሮግራማቸው የመጀመሪያ ገጽ ሌላ ይሆን ነበር።

ከዚያ ደርግ መጣ። ሐምሌ 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት እንዲሆን ያወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን አቋቋመ፤ «ቀበሌ» የሚለው ቃል ያን ጊዜ ነው በየቤታችን የገባው። መጀመሪያ ላይ ነዋሪው ተሰብስቦ መርጧል፤ ኪራይ ይሰበስባል፣ ጠብ ይዳኛል፣ የሰፈሩን መንገድ ይጠርጋል ተብሎ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ግን ቀበሌው የአብዮት ጥበቃ ሆነ፣ ማሰሪያ ቤት ሆነ፤ ቀይ ሽብር የወረደው በቀበሌ በኩል ነው። ጠመንጃው ከላይ ሲመጣ መራጩ ነዋሪ ተረሳ። ቀበሌ ሲባል እስከ ዛሬ ሆዳቸው የሚባባ እናቶች ያሉት በዚህ ምክንያት ነው። የሰፈር አስተዳደር መጥፎ ሐሳብ ሆኖ አይደለም፤ ከሰፈሩ ስለተቀማ ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በወረቀት ላይ ይህን ለማረም ሞክሯል። አንቀጽ 38 ዜጋው በማናቸውም የመንግሥት እርከን በየጊዜው በሚደረግ ምርጫ የመምረጥና የመመረጥ መብት እንዳለው ይናገራል። አንቀጽ 50 ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። ወረቀቱ እንግዲህ ከ1923ቱ ብዙ ርቀት ሄዷል። «በማናቸውም እርከን» የሚለው ቃል ወረዳን ካላካተተ ምንን ያካትታል? የሕግ ሰዎች ይመልሱልን።

አሁን ደግሞ እኛው ራሳችን በደንብ የምናውቀውን 1997ን እናንሳ። ሚያዝያ 30 መስቀል አደባባይ የሞላው ሕዝብ፣ ግንቦት 7 የነበረው ሰልፍ፣ በቴሌቪዥን የታየው ክርክር፣ ማንም አይረሳውም። አዲስ አበባ ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበሮች 137ቱን ለቅንጅት ሰጠች። ከተማዋ እንደዚያ አጥርታ ተናግራ አታውቅም። ከዚያስ? ቅንጅት በጠቅላላው ውጤት ተጭበርብሬያለሁ ብሎ ወንበሩን አልያዘም፤ መንግሥትም ተኩስና እስር መረጠ። ነገሩን ለማጣራት ከተቋቋመው ኮሚሽን ወገን በኋላ ይፋ በሆነው ቁጥር 193 ሰላማዊ ሰዎች ሞተዋል። ለከንቲባነት የታጩት ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ማዘጋጃ ቤት ሳይገቡ ቃሊቲ ገቡ። ሳሪስ አቦን አልፋችሁ ቁልቁል ስትወርዱ ያለችው ቃሊቲ ማለቴ ነው። ከተማዋን በግንቦት 1998 የተሾመ ባለአደራ አስተዳደር ተረከባት።

የገደለውና ያሰረው ማን እንደሆነ ይታወቃል፤ እሱን የሚሸፍን ቃል እዚህ አታገኙም። ግን ደግሞ አንድ ነገር እንበል። በዚያ ሁሉ ወራት ክርክሩ ስለ አራት ኪሎ ነበር። ከተማዋ ገና ከእጅ ሳትገባ «ዋናው እሱ አይደለም» ተባለች። 137 ሰዎች አዳራሹ ውስጥ ቢቀመጡ፣ በጀት ቢቆርጡ፣ የሳሪስን ቱቦና የመርካቶን ግብር ቢከራከሩበት፣ ቢከለከሉ እንኳ መከልከላቸው በቃለ ጉባኤ ቢጻፍ፣ ምን ይሆን ነበር? አላውቅም የሚል ይኖራል። እኔ ግን ከባዶ ወንበር ይሻል ነበር ባይ ነኝ። የአካባቢ ሥልጣንን እንደ መለማመጃ እንኳ ያልቆጠረ ተቃዋሚ፣ ለአገር ሥልጣን መዘጋጀቱን በምን ያሳያል?

ገዢው ፓርቲ በበኩሉ የወረዳን ዋጋ ከተቃዋሚዎቹ ቀድሞ ገባው። ከ1997 በኋላ የቀበሌ ምክር ቤት አባላት ቁጥር ከ15 ወደ 300 አሳደገ። በሚያዝያ 2000 በተካሄደው የአካባቢ ምርጫ በአገሪቱ ከሦስት ሚሊዮን ተኩል በላይ መቀመጫ ቀረበ። ይህን ያህል ዕጩ ማቅረብ የሚችል ፓርቲ ከገዢው ሌላ የት ይገኛል? ያኔ ዋና ዋናዎቹ ተቃዋሚዎች ወይ ተከፋፍለው ነበር፣ ወይ ዕጩዎቻችን እንዳይመዘገቡ ተከለከሉ ብለው ወጡ። ከሦስት ዓመት በፊት ለቅንጅት ድምፅዋን የሰጠችው አዲስ አበባም ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ የኢሕአዴግ ሆነች። በ2005 ደግሞ 33 ፓርቲዎች ሜዳው አልተስተካከለም ብለው አንሳተፍም አሉ። ሜዳው አልተስተካከለም ማለታቸው እውነት ነበር። ግን አንድ ጊዜ ወጡ፣ ሁለተኛ ጊዜ ወጡ፤ ከዚያ በኋላ ምርጫው ራሱ ሲጠፋ «የት ሄደ?» ብሎ የሚጠይቅ አፍ አጡ። ያልገቡበት ቤት ቢዘረፍ ማን ይጮኻል?

ከታች እንደዚያ ሲዘጋ ከላይ የሆነው ይታወቃል። በ2002 ከ547 የፓርላማ ወንበሮች 545ቱ የኢሕአዴግና የአጋሮቹ ሆኑ። በ2007 ሁሉም፣ አንድም ሳይቀር። ሥር የሌለው ዛፍ ቅጠሉ ሁሉ አንድ ቀለም ቢሆን አይገርምም።

ከ2010 በኋላ ብዙ ነገር ተለወጠ ተባለ፤ ተለውጧልም። በ1998 ታስረው የነበሩት ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ በኅዳር 2011 የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ። ታስረው የነበሩት ፕሮፌሰር ብርሃኑም በ2014 የትምህርት ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። በመጋቢት 2011 የቃል ኪዳን ሰነድ የፈረሙት ፓርቲዎች ከመቶ በላይ ነበሩ። አዲስ የምርጫ አዋጅ ወጣ፤ አገር አቀፍ ፓርቲ ለመሆን አሥር ሺህ፣ የክልል ፓርቲ ለመሆን አራት ሺህ መሥራች አባላት እንዲያስፈልግ ተደነገገ። ይህ ሁሉ ተሐድሶ ከላይ ያለውን ፎቅ ቀለም መቀባት ነው እንዳልል እፈራለሁ፤ ቁም ነገር አለውና። ነገር ግን ያን ሁሉ ሰነድ ካረቀቁት፣ ከፈረሙትና ካጨበጨቡት መካከል «ወረዳዎቹስ?» ብሎ ጠረጴዛ የመታ ሰው ድምፅ እስከ ሳሪስ አልተሰማም። እንዲያውም በ2010 ክረምት የአዲስ አበባ ቻርተር ተሻሽሎ የምክር ቤቱ አባል ያልሆነ ሰው ከተማዋን እንዲመራ ተፈቀደ። እስከ 2013ቱ ምርጫ ድረስ ከተማዋን የመሩት ነዋሪው ያልመረጣቸው ሰዎች ነበሩ። ያን ጊዜ የለውጥ ጊዜ ነው ተብሎ ታለፈ። «ለጊዜው» የሚባል ነገር በእኛ አገር ዕድሜው ረጅም ነው።

የዚህ ዋጋ የሚታወቀው ችግር በመጣ ቀን ነው። በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ሲፈርሱ፣ ሥራው ለከተማዋ ይበጃል አይበጅም የሚለው ክርክር ለብቻው ይቆየን። የሚያስከፋው ሌላ ነው። ለአርባና ለሃምሳ ዓመት የኖሩበትን ሰፈር እንዲለቁ ጥቂት ቀን የተሰጣቸው ሰዎች «አንተ የእኛ ተመራጭ ነህ፣ ግባና ተናገርልን» የሚሉት አንድ የወረዳ ሰው አልነበራቸውም። የነበራቸው ትእዛዙን ይዞ የመጣ ሰው ነው። እሱም ደግሞ አዝኖላቸው ይሆናል፤ «ከላይ ነው» ከማለት ሌላ ግን ምን ይበል? ነገ ሳሪስ ላይ ቢሆን እኛስ ማንን እንይዛለን? በ2008 መስከረም ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡር ሰፈራችንን ለሁለት ከፍሎ ወደ ቃሊቲ ሲዘረጋ፣ አሮጊት ከዚህ ወደዚያ የት ጋ እንደሚሻገሩ የሚከራከርልን የመረጥነው ሰው ነበር ወይ? ባቡሩ ጠቅሞናል፤ መሻገሪያውን ግን ሌላ ሰው ወሰነልን።

እስቲ ትንሽ ራቅ ብለን እንይ። ኢስቶኒያ የምትባል በሰሜን አውሮፓ ጠርዝ ያለች ትንሽ አገር አለች። ሕዝቧ አንድ ሚሊዮን ከሦስት መቶ ሺህ ገደማ ነው፤ ሁሉም ተሰብስቦ አዲስ አበባ ቢገባ ከከተማዋ ግማሹን አይሞላም። ይህች አገር ሕዝቡ በኢንተርኔት ድምፅ እንዲሰጥ በመፍቀድ በዓለም ትታወቃለች። ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን ይህን መጀመሪያ በአገር ደረጃ የሞከረችበት ምርጫ የአካባቢ ምክር ቤቶች ምርጫ መሆኑን ነው። ጊዜው በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 1998 ነበር። ቀኑን ልብ በሉት፤ እነርሱ የመንደራቸውን ምክር ቤት ቤታቸው ቁጭ ብለው ሲመርጡ፣ እኛ የመረጥነው የከተማ ምክር ቤት ሳይሰበሰብ የተመረጡት ሰዎች ሊታሰሩ ቀናት ቀርቷቸው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ኢስቶኒያዎች በየአራት ዓመቱ አላቋረጡም። እኛ በሚያዝያ 2005 ካደረግነው የመጨረሻ የአካባቢ ምርጫ በኋላ እነርሱ በ2006፣ በ2010፣ በ2014 እና በ2018 ጥቅምት፣ አራት ጊዜ መርጠዋል። ዜግነት የሌለው ቋሚ ነዋሪ እንኳ በአካባቢ ምርጫ ለብዙ ዓመታት ድምፅ ሲሰጥ ቆይቷል፤ ሐሳቡ ቱቦው የሚያልፈው በቤትህ ደጅ ከሆነ ስለ ቱቦው መናገር አለብህ የሚል ነው። በ2017 ሕገ መንግሥታቸውን አሻሽለው ይህን መብት አጥብበውታል፤ ከሩሲያ ጋር ያላቸው ስጋት ምክንያት ሆኗል። እነርሱም መላእክት አይደሉም ማለት ነው። ስጋት ሲመጣባቸው ግን የጠበበው የመራጩ ዝርዝር ነው፤ ምርጫውን ራሱን አላጠፉትም።

«ኢስቶኒያ ሀብታም ናት፣ የተማረች ናት፣ እኛን ከእርሷ ታወዳድራለህ?» የሚል ወዳጅ ይኖረኛል። ይህ መልስ ከ1923 ጀምሮ የምናውቀው መልስ ነው፤ ሕዝቡ እስኪችል ድረስ! እኔ ደግሞ እላለሁ፤ ሳሪስ ውስጥ ስንት እድር አለ? የየእድሩ ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ የሚመረጠው እንዴት ነው? እትዬ እገሊት ተነስተው «የድንኳኑ ኪራይ የት ገባ?» ብለው ሲጠይቁ ገንዘብ ያዡ መዝገቡን ገልብጦ ያሳያል። ካላሳየ በሚቀጥለው ስብሰባ ይወርዳል። ተሽሮም ከእድሩ አይወጣም፤ አይታሰርም፣ አይሰደድም። በሚቀጥለው ቀብር ላይ ወንበር ተሸክሞ ከሰው ጋር ይሰለፋል። ሹመትን ተቀብሎ፣ ተጠይቆ፣ አስረክቦ መቀጠል ማለት ይኼ አይደለም እንዴ? ዘር ሳይጠየቅ፣ ሃይማኖት ሳይጠየቅ በአንድ ድንኳን ሥር የሚመርጥ ሕዝብ ለወረዳ ምርጫ አልበቃም የሚል ሰው፣ ችግሩ የሕዝቡ ብቃት እንዳልሆነ ልቡ ያውቃል። በእድርም ጠብ አለ፣ ገንዘብ የበላ ዳኛም አለ። ልዩነቱ፣ የበላው እንደበላ አይቀርም።

ሁለተኛው መልስ ጸጥታና ገንዘብ ነው። ጸጥታ በሌለበት ቦታ ሣጥን መዘርጋት ከባድ መሆኑን እረዳለሁ፤ ባለፉት ዓመታት በትግራይ፣ በአማራና በኦሮሚያ የፈሰሰው ደም ቀልድ አይደለም። ነገር ግን ለፓርላማ ምርጫ የበቃ ጸጥታ ለወረዳ ምርጫ እንዴት ያንሳል? በሰኔ 2013 አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ድምፅ ሊሰጥ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት በሰልፍ ቆሟል። በዚያው ሰልፍ ላይ አንድ ወረቀት ቢጨመርለት የሚደክም አይመስለኝም። ስለ ገንዘቡ ደግሞ ሦስት መቶ ሰው በየቀበሌው መምረጥ ግዴታ አይደለም። አሥራ አምስት ሰው ይበቃል፤ አሥራ አምስት ሰው ስማቸውን ታውቃላችሁ፣ ቤታቸውን ታውቃላችሁ፣ ሲያጠፉ በመንገድ ታገኟቸዋላችሁ። ሦስት መቶ ሰው ግን ሕዝብ ነው፣ ተመራጭ አይደለም።

ሦስተኛው መልስ ከፓርቲዎቹ ነው፤ «ቤተ መንግሥቱ በእነርሱ እጅ እያለ በወረዳ ምን እናደርጋለን?» እንዲህ የሚሉ ወገኖች ወረዳን የሚንቁት ያህል ወረዳ እነርሱን ይንቃቸዋል። በየአምስት ዓመቱ ከምርጫው ሦስት ሳምንት በፊት ድምፅ ማጉያ ጭነው ሳሪስ አቦ አደባባይ ደርሰው ይመለሳሉ። ስንት ቤት ውኃ በፈረቃ እንደሚያገኝ፣ የትኛው መንገድ ክረምት ላይ እንደሚጥለቀለቅ፣ ለየትኛው ትምህርት ቤት ክፍል እንደጠበበው የሚያውቅ አንድ የፓርቲ ሰው እዚህ አይኖርም። አሥር ሺህ ፊርማ ማሰባሰብ ይችላሉ፤ በአንድ ወረዳ ውስጥ አሥር ዕጩ ግን አያገኙም። ይህ ፓርቲ ሳይሆን ማኅተም ነው። ማኅተም ይዞ ቢሮ የተከራየ ሁሉ ፓርቲ ከሆነ መቶ ቢሆኑም፣ ሁለት መቶ ቢሆኑም ልዩነት የለውም። ሕጉ በግል መወዳደርንም ይፈቅዳል፤ የሰፈሩ ጡረታ የወጣ መምህር፣ የእድሩ ጸሐፊ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቢወዳደሩ ከማኅተሙ ቀድመው ያሸንፋሉ ብዬ አስባለሁ። ምናልባት ሁለቱም ወገን ዝም ያለው ይህን ፈርቶ ይሆን?

እንግዲህ ምን ይሁን? ምኞት ከመደርደር በመንገድ የሚጠየቅ ነገር ልበል። የምርጫ ጊዜ በመጣ ቁጥር ድምፅ ለምኖ ደጃችን ለሚቆም ዕጩ ሁሉ፣ የገዢው ይሁን የተቃዋሚው፣ ከሁሉ በፊት አንድ ጥያቄ ይቅረብለት፤ «የወረዳ ምርጫ መቼ ነው?» ቀን ይጥቀስ። «ይታሰብበታል» ካለ ይታሰብበት፣ ድምፃችንም አብሮ ይታሰብበት። የምርጫ ክርክር በሚተላለፍበት ጣቢያ ጋዜጠኛው ስለ ፌዴራሊዝም ለግማሽ ሰዓት ከመጠየቁ በፊት ይህን በአንድ ደቂቃ ይጠይቅልን። የወረዳ በጀት ስንት እንደሆነ፣ በምን ላይ እንደዋለ በወረዳው በር ላይ ይለጠፍ፤ ለዚህ ምርጫ እንኳ አያስፈልግም፣ ማጣበቂያ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። የተማረውም ሰው ከማኪያቶው ቀና ብሎ የሰፈሩን ስብሰባ ይሂድ፤ እዚያ የሚነገረው ነገር አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ዴሞክራሲ ባብዛኛው ስለ ቱቦ የሚደረግ አሰልቺ ስብሰባ ነው። ጣፋጩ ክፍል ድምፅ የተሰጠበት ማግስት ነው፤ እሱም የሚያምረው ስብሰባው ካለ ነው።

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለውን ተረት ስንተርት ኖረናል። ተረቱ እውነት የሚሆነው ሹመት ከላይ በሚሰጥበት አገር ነው፤ ሿሚው ሩቅ ስለሆነ የበላውን አያየውም። ሿሚው ጎረቤት የሆነ ቀን፣ ገንዘብ ያዡን «የድንኳኑ ኪራይ የት ገባ?» የሚሉት እትዬ እገሊት የወረዳውንም ሰው «የቱቦው ገንዘብ የት ገባ?» ማለት ይችላሉ። እስከዚያ ግን መልሱ ያው ነው፤ ከላይ ነው፣ ሐሙስ ይመለሱ።